የሴሊካዬ የፊት ፍሬን ሸራ፦ ለጊቤ ቁልቁለት የሚሆነው የትኛው ነው?

ባለሴሊካው (ጅማ)

ጤና ይስጥልኝ ወንድሞችና እህቶች። የምነዳው የ2001 ሥሪት ቶዮታ ሴሊካ ነው፤ ማርሿ በእጅ የሚቀየር፣ የፊቱም የኋላውም ፍሬን ዲስክ የሆነ መኪና ናት። ከስምንት ወር በፊት የፊት ፍሬን ሸራዋን እዚሁ ጅማ አስቀይሬ ነበር። ሸራውን የመረጥኩት ካርቶኑ ላይ «ስፖርት» የሚል ቃል በትልቁ ስለተጻፈበት ነው፤ ሌላ መመዘኛ አልነበረኝም።

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ ወልቂጤን አልፌ የጊቤን ቁልቁለት መውረድ ስጀምር ሁለት የጭነት መኪኖች ከፊቴ ነበሩ። እነሱን ተከትዬ እግሬን ከፍሬኑ ላይ ሳላነሳ ለረጅም ጊዜ ወረድኩ። ወደ ድልድዩ ስቃረብ መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ቀጥሎ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደረቀና በሙሉ ኃይሌ ብረግጠውም መኪናዋ አልቆም አለች። ማርሹን ወደ ሁለተኛ አውርጄ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳብኩ ዳር ይዤ ቆምኩ። ባለቤቴና የአምስት ዓመት ልጃችን አብረውኝ ነበሩ። ጅማ ከገባን ወዲህ መኪናዋን ከግቢ አላወጣኋትም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ለዚህ ዓይነት መንገድ የሚሆን ሸራ እንዴት ይመረጣል? ሲቀየርስ ከሸራው ሌላ ምን መታየት አለበት? ባለሙያ ጋ መውሰዴ አይቀርም፤ ነገር ግን በዚህ ጊዜ ምን እንደሚሠራልኝ አውቄ አጠገቡ መቆም እፈልጋለሁ።

አሮጌው መካኒክ (ጅማ)

ልጄ፣ እንኳን ፈጣሪ አተረፋችሁ። የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደረቀ ማለትህ የመልሱን ግማሽ ይዟል።

ፍሬን ቁልቁለት ላይ እምቢ የሚለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ሸራው ከሚችለው በላይ ሲግል በውስጡ ያለው ማያያዣ ሙጫ መቃጠል ይጀምርና የሚወጣው ጋዝ በሸራውና በዲስኩ መካከል ሲገባ ነው። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ ጠንክሮ ይቆማል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ሁለተኛው፣ የፍሬን ዘይቱ ራሱ ሲፈላ ነው። ዘይት አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ስለሚታመቅ ፔዳሉ ለስልሶ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ያንተ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛውም ሩቅ አልነበረም ብዬ እገምታለሁ፤ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ አልነገርከንምና።

ሸራ ለመግዛት አትቸኩል። መጀመሪያ ሁለቱን የፊት ጎማዎች አስወልቅና የአራቱንም ሸራዎች ውፍረት አንድ በአንድ ለካ። የብረት ጀርባውን አትቁጠር፤ የሚለካው የሚፋቀው ክፍል ብቻ ነው። አዲስ ሸራ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መቀየር አለበት። በአንዱ ጎማ ላይ የውስጡና የውጩ እኩል ካልተበሉ ጥፋቱ የሸራው ብቻ አይደለም። ያየኸውን ጻፍልኝና እንቀጥላለን።

የፊዚክስ መምህር (ጅማ)

አሮጌው መካኒክ የተናገሩትን ሙቀት በቁጥር ማየት ስለሚጠቅም ትንሽ ላስላ። ለስሌቱ እንዲያመች የወረድነው ከፍታ 700 ሜትር ነው እንበል፤ መኪናዋ ከነተሳፋሪዎቿና ከነዕቃዋ 1,300 ኪሎ ግራም ትሁን። ከላይ እስከ ታች ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ኃይል 8.9 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህችው መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄደች በአንድ ጊዜ ብትቆም ፍሬኑ የሚውጠው 500 ሺህ ጁል ያህል ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ መውረድ ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 18 ጊዜ ያህል በተከታታይ ከመቆም ጋር ይስተካከላል። ክብደቱ ከሁለቱም ወገን ስለሚሰረዝ መኪናው ቀላልም ሆነ ከባድ፣ ይህ ቁጥር ያው ነው።

ከዚህ ኃይል የተወሰነውን ነፋስ ይወስዳል። ሞተሩ ግን የሚወስደው በየትኛው ማርሽ ላይ እንደሆናችሁ ታይቶ ነው። በሁለተኛ ማርሽ ስትወርዱ ሞተሩ ትልቁን ድርሻ ይሸከምላችኋል፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በፍሪ የሚወርዱ ሰዎች ግን ሙሉውን ሸክም ለሸራው ይሰጡታል። ፍጥነትም ወሳኝ ነው። ከፍታው ያው ሆኖ በ60 ፈንታ በ30 ኪሎ ሜትር ብትወርዱ ያው ሙቀት በእጥፍ ጊዜ ውስጥ ስለሚመነጭ ዲስኩ ወደ አየሩ ለመልቀቅ ፋታ ያገኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። የፍሬኑ ማገዣ የሚሠራው በውጭው አየርና በሞተሩ መምጠጥ መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው፤ ስለዚህ በእኛ አገር እግራችን ከአምራቹ አገር እግር ይበልጥ መግፋት አለበት። ሸራ ስትመርጡ ሳይሞቅም በደንብ የሚይዘውን መፈለግ የሚያስፈልገው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ፈጣን ጎማ (አዲስ አበባ)

አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ችግሩ ሙቀት ከሆነ መፍትሔው ሙቀት የሚችል ሸራ ነው። ሴሊካ የስፖርት መኪና ናት፤ የውድድር ሸራ ይግባላትና ነገሩ ይለቅ። የውድድር ሸራ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እየጋለ መያዙን አይለቅም። ደግሞም በመንገድ ላይ የምንነዳው መኪና ፍሬኑን ያገኘው ከውድድር ነው፤ ጃጓር በ1953 የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር በዲስክ ፍሬን ካሸነፈ በኋላ ነው ዓለም ሁሉ ወደ ዲስክ ፊቱን ያዞረው። ለምን ለከተማ መኪና የተሠራ ሸራ እንመክራለን?

አሮጌው መካኒክ (ጅማ)

ወንድሜ ፈጣን ጎማ፣ ስለ ሙቀቱ የጻፍከው እውነት ነው፤ የማልስማማው በምክሩ ነው። የውድድር ሸራ የሚይዘው ከሞቀ በኋላ ነው። በውድድር ሜዳ ነጂው በየዙሩ ፍሬን ስለሚይዝ ሸራው የሚቀዘቅዝበት ጊዜ የለውም። ይህ ልጅ ግን ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሌሊቱን ዝናብ ሲመታው ካደረ ግቢ ወጥቶ፣ ገና ሁለት መቶ ሜትር ሳይሄድ ከፊቱ ባጃጅ ሰው ለመጫን ቀጥ ይልበታል። በዚያች ሰዓት ቀዝቃዛ የውድድር ሸራ እንደ እንጨት ነው። በዓመት ስድስት ጊዜ ለሚወርደው ጊቤ ብሎ በየቀኑ የሚነዳበትን የከተማ መንገድ አደገኛ ማድረግ የለበትም። ዲስኩን የሚበላውና የሚጮኸው ነገር ተጨማሪ ነው።

ሸራ በአራት ወገን ይከፈላል ብለህ ያዝ፣ ልጄ። ኦርጋኒክ የሚባለው ለስላሳ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ዲስክ አይጎዳም፣ ነገር ግን ሙቀት አይችልም። ካርቶኑ ላይ «ስፖርት» የተባለልህ ሸራ ውስጡ ይህ ቢሆን አይደንቀኝም። ሴራሚክ የሚባለው ትቢያው ጥቂት ነው፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው፤ ጥሩ ሥሪት ከሆነ ለከተማ እመርጠዋለሁ። ሴሚ ሜታሊክ የሚባለው የብረት ብናኝና የብረት ክር በብዛት የተቀላቀለበት ነው፤ ትንሽ ይጮኻል፣ ጎማውን በትቢያ ያጠቁራል፣ ዲስኩንም ከሌላው ይልቅ ይበላል፣ ነገር ግን ሙቀት ይችላል፣ ቀዝቅዞም ይይዛል። አራተኛው የውድድሩ ነው። ላንተ የምመክረው ከታወቀ አምራች የተገኘ ጥሩ ሴሚ ሜታሊክ ነው። ጅማን፣ አጋሮን፣ ሰኮሩንና ጊቤን ለሚመላለስ ሰው ሌላ አልፈልግም።

ፈጣን ጎማ (አዲስ አበባ)

ስለ ቀዝቃዛው ጧት የተባለውን አላሰብኩበትም ነበር። እኔ የምነዳው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ስለሆነ ሸራዬን አሙቄ ነው የምጀምረው። በየቀኑ ለሚነዳ ሰው የእርስዎ ምክር ይሻላል፤ እቀበላለሁ፣ ጋሼ።

የመለዋወጫ ሰው (አዲስ አበባ)

ሶማሌ ተራ ለብዙ ዓመታት መለዋወጫ ስሸጥ ስለኖርኩ ስለ አገዛዙ ልጻፍ። ብዙ ገዢ ካርቶኑን አይቶ ይከፍላል። ካርቶን ማንም ያሳትማል፤ መታየት ያለበት ሸራው ራሱ ነው።

በብረት ጀርባው ወይም በሸራው ጠርዝ ላይ የታተመ ጽሑፍ አለ። በጽሑፉ መጨረሻ ሁለት የላቲን ፊደላት ታያላችሁ፤ የመጀመሪያው ሸራው በመጠነኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ደግሞ ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ያለውን የሰበቃ መጠን ያመለክታሉ። «ኤፍ ኤፍ» የተጻፈበት ሸራ ሲግልም ሳይግልም በዚያው ደረጃ ይቆያል ማለት ነው። «ኤፍ ኢ» ከሆነ ግን ሲግል ይወርዳል፤ ለቁልቁለት አልወስደውም። ፊደሉ ስለ ዕድሜውም ሆነ ስለ ጥራቱ አይናገርም።

የአውሮፓ ሥሪት ከሆነ በክብ ውስጥ «ኢ» የሚል ፊደልና የአገር ቁጥር፣ ቀጥሎም «90 አር» የሚል ምልክት ይኖረዋል። ይህ የተባበሩት መንግሥታት 90ኛው ደንብ ነው፤ ምትኩ ሸራ ከመኪናው ዋና ሸራ ጋር ሲነጻጸር የመያዝ ኃይሉ ከ15 በመቶ በላይ እንዳይራራቅ ያስገድዳል። እርግጥ ነው ማኅተምም ይመሰላል። ስለዚህ እጃችሁን ተጠቀሙ፦ ሸራው ከብረቱ ጋር በተጣበቀበት መስመር ላይ ክፍተት ካለ፣ ጠርዙን በጥፍር ስትፈትጉት ከረገፈ፣ ቀለሙ በሸራው ፊት ላይ ከፈሰሰ፣ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ስታስቀምጡት ጆሮዎቹ ካልገጠሙ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ መልሱት። ደረሰኝ የማይሰጥ ነጋዴም ከሆነ ከመጀመሪያውም አትግዙ።

ቁልቁለትና ፍሬን የቆየ ጉዳይ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ነገር ልጥቀስ። የፍሬን ሸራ አምራቹ የፌሮዶ መሥራች እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ በ1897 ሥራውን የጀመረው ጋሪ ነጂዎች ቁልቁለት ላይ የጋሪውን ጎማ ለመያዝ ያረጀ ጫማ ሲጠቀሙ አይቶ ነው። የእኛም ጥያቄ የእነዚያ ጋሪ ነጂዎች ጥያቄ ነው።

የአጋሮ መንገደኛ (አጋሮ)

እኔ በሥራ ምክንያት ከአጋሮ ጅማ በሳምንት አራት ቀን እመላለሳለሁ። መኪናዬ የስፖርት ባትሆንም የሚያሳስበኝ ተመሳሳይ ነው። በክረምት ጧት ጧት ፍሬኑ ይጮኻል፤ ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ይተወዋል። ሸራው አልቆ ይሆን?

አሮጌው መካኒክ (ጅማ)

አይደለም፣ እህቴ። ዝናብ ያደረበት ዲስክ በአንድ ሌሊት ቀጭን ዝገት ያወጣል፤ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ተፍቆ ይጠፋል። ሊያሰጋሽ የሚገባው እየሄድሽ ፍሬን ስትይዢም ሳትይዢም የማያቋርጥ ቀጭን ፉጨት ነው፤ እሱ ሸራው ሲያልቅ ዲስኩን እንዲነካ ሆን ተብሎ የተበጀ የብረት ምላስ ነው። ፉጨቱ ወደ ብረት ለብረት መፋጨት ከተለወጠ ግን አንድ ቀን እንኳ አትንጂው።

ባለሴሊካው (ጅማ)

ጋሼ፣ እንዳሉኝ ቅዳሜ ጧት ጎማዎቹን አስወልቄ ለካሁ። ግራ ጎማ ላይ የውስጡ 6፣ የውጩ 6 ተኩል ሚሊ ሜትር ነው። ቀኝ ጎማ ላይ ግን የውጩ 7 ሲሆን የውስጡ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶታል።

ያን የውስጡን ሸራ በእጄ ይዤ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ መሐሉን አቋርጦ የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ አለው፤ ጠርዙን በጥፍሬ ስነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ረገፈ። ሸራዎቹን በዲስኩ ላይ የሚያጣብቀው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ፤ የላይኛው በእጅ ሲሳብ ወጣ፣ የታችኛው ግን በቁልፍ እያዞርን እንኳ በመከራ ነው የወጣው። የተቀባው ግራሶ ደርቆ እንደ ሬንጅ ሆኗል። ጎሚኒው ደግሞ አብጦ ስለነበር ከቦታው ሲወጣ ተመልሶ አልገባ አለ። የፍሬን ዘይቱ በማሰሮው ውስጥ ሲታይ ቀለሙ የጀበና ቡና ነው። የመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተቀየረ ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤትም አያስታውሱም።

አሮጌው መካኒክ (ጅማ)

ልጄ፣ አሁን ነገሩ ተገለጠ። የዚህ ዓይነቱ ካሊፐር ፒስተን ያለው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ይገፋል፤ ካሊፐሩ በፒኖቹ ላይ ተንሸራትቶ የውጩን ይስባል። ፒኑ ከተጣበቀ ካሊፐሩ አይንሸራተትም፤ የውስጡ ሸራ ብቻውን ይሠራል፣ ፍሬኑ ሲለቀቅም ዲስኩን እየዳሰሰ ይሄዳል። ጊቤን ስትወርድ የቀኙ ጎማ የያዘው በአንድ ሸራ ነበር ማለት ነው። አዲስ ሸራ ብቻ ገብቶ ቢሆን ኖሮ በሌላ ስምንት ወር እዚያው ትመለስ ነበር።

ጎሚኒው ያበጠው ፒኑ የኩሽኔታ ግራሶ ስለተቀባ ነው። ይህ ስሕተት በየጋራዡ አለ፤ ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል። የፍሬን ጎሚኒ ማዕድናዊ ዘይት ሲነካው ያብጣል። ለፒኖቹ የሚቀባው ለፍሬን ተብሎ የተሠራ የሲሊኮን ግራሶ ብቻ ነው። በቤንዚንና በናፍታ ማጠብም ያው ጉዳት አለው፤ በፍሬን ማጽጃ፣ ካልተገኘ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ይድረቅ። ትቢያውን በኮምፕረሰር እንዲነፉት አትፍቀድ። አሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

አጠገቡ ስትቆም ይህን ተመልከት። ካሊፐሩ ሲወልቅ በሽቦ ከስፕሪንጉ ላይ ይታሰር፤ በፍሬን ቱቦው ላይ እንዲንጠለጠል አይተው። ፒስተኑ ከመገፋቱ በፊት ከማሰሮው ጥቂት ዘይት ይቀዳ፤ ሞልቶ ቢፈስ የመኪናህን ቀለም ይልጣል። ሸራው የሚቀመጥባቸው የብረት ቅንጥቦች በሽቦ ብሩሽ ይጽዱ፤ ሸራው በእጅ ተገፍቶ የሚገባ መሆን አለበት፣ በመዶሻ አይደለም። ዲስኩ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት በቁጥር ታትሟል፤ በአራት ቦታ ተለክቶ ከዚያ ቁጥር በታች ከሆነ ይቀየር፣ በላይ ሆኖ ከቦረቦረ ቶርኖ ቤት ይሂድ፤ ቶርኖውም ሲጨርስ ከዚያ ቁጥር በታች እንዳያወርደው። የሁለቱም ጎማ ሸራ በአንድ ጊዜ ይቀየር። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ ዶት 4 የሚባለው ደረጃ ይሁን። ዶት 4 አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ በ230 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። በጅማ ዝናብ ሁለት ዓመት ካለፈው አላምነውም። የጎማ ቡሎን ለቶዮታህ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ቁልፉ ላይ ቆመው እንዳያጠብቁት። ከጋራዥ ከመውጣትህ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመህ ርገጥ፤ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው።

የፊዚክስ መምህር (ጅማ)

የኋላው ሸራ በሚቀየርበት ጊዜ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ። የእጅ ፍሬኑ በካሊፐሩ ፒስተን ላይ የሚሠራ ከሆነ ፒስተኑ እየዞረ ነው የሚገባው፤ በክላምፕ ቢገፉት ውስጡ ያለው ማስተካከያ ይሰበራል። አስቀድሞ መታየት አለበት።

ባለሴሊካው (ጅማ)

ሥራው ተጠናቀቀ። ከአዲስ አበባ «ኤፍ ኤፍ» የታተመበት ሴሚ ሜታሊክ አስመጣሁ፤ ሁለቱም ፒኖችና ጎሚኒዎቻቸው ተቀየሩ፤ ዲስኮቹ ከዝቅተኛው ቁጥር 1.2 ሚሊ ሜትር ስለሚበልጡ በጥቂቱ ተስተካክለው ተመለሱ። እሑድ ገና መንገዱ ባዶ ሳለ በሰርቦ በኩል ወጥቼ፣ በጋሼ የስልክ ምክር መሠረት፣ አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር እንዲለማመድ ፍጥነቴን ከ60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር አሥር ጊዜ በመጠነኛ እርግጫ ቀነስኩ፤ በየመካከሉ ጥቂት እየነዳሁ አበረድኩት፣ ጭራሽ ግን አልቆምኩም። ሸራው ሲግል አንድ ቦታ ተረግጦ ከቆመ ዲስኩ ላይ አሻራውን ስለሚጥል ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል አሉኝ። ሲያልቅ ቀለል ያለ ሽታ ነበረው፤ ፍሬን ሳልይዝ ሃያ ደቂቃ ከነዳሁ በኋላ ጠፋ።

ትናንት ጊቤን ወረድኩ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ከ35 ኪሎ ሜትር ሳልበልጥ፣ ስፈልግ ጠበቅ አድርጌ እየያዝኩ ወዲያው እየለቀቅኩ ወረድኩ። የፊዚክስ መምህር ባዋሱኝ ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ከድልድዩ ማዶ ቆሜ ስለካ፣ ቀኙ 148፣ ግራው 141 ዲግሪ ነበር።

የፊዚክስ መምህር (ጅማ)

የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ይህ መሣሪያ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ 148ቱን እንደ ትክክለኛ ሙቀት አትያዘው። የቀኙና የግራው መቀራረብ ግን የሚታመን ነው፤ እኛም የምንፈልገው እሱን ነበር።

አሮጌው መካኒክ (ጅማ)

ደስ ብሎኛል፣ ልጄ። 1,000 ኪሎ ሜትር ስትሞላ ጎማዎቹን አስወልቅና የውስጡንና የውጩን ደግመህ ለካ።

ባለሴሊካው (ጅማ)

1,000 ሞላ፣ ጋሼ። ቀኝ ውስጥ 10.5፣ ቀኝ ውጭ 10.5፤ ግራ ውስጥ 10.5፣ ግራ ውጭ 10.6። ፒኖቹ በሁለት ጣት ይንሸራተታሉ።